የልጄ ክርን ተሰብሯል፤ ሽቦ የግድ ነው?

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ ከኮምቦልቻ ነው የምጽፍልዎ። የ6 ዓመት ልጄ ትናንት ከሰዓት በኋላ ከግንብ አጥር ላይ ወድቆ ግራ ክርኑን ተጎዳ። ጎረቤቶች ‹ወልቆ ነው› ብለው ወጌሻ ዘንድ ወሰዱት። ወጌሻው በቅቤ አሽቶ በቀርቀሃ አሰረለት። ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ አደረ። ዛሬ ጠዋት ራጅ አስነሳሁት። ሐኪሙ ‹ከክርን በላይ ያለው አጥንት ተሰብሯል፣ ደረጃ 3 ነው፣ ደሴ ሄዶ በማደንዘዣ ሽቦ ይግባለት› አለኝ። አባቴ ግን ‹የልጅ አጥንት በራሱ ይገጥማል፣ ብረት ከገባበት እጁ አያድግም› ብሎ ከለከለኝ። ቀርቀሃውም እንደገና ታስሯል። ጣቶቹ አብጠዋል። የአውራ ጣቱንና የሌባ ጣቱን ጫፍ ማጠፍ አቅቶታል። ነርቩ ተቆርጦ ይሆን? ሽቦው የግድ ነው? ወይስ አዲስ አበባ ልውሰደው?»

መልስ፦ ቀርቀሃውን አሁኑኑ ይፍቱት። የቀረውን ከዚያ በኋላ ያንብቡ።

ማላላት ብቻ አይበቃም። ገመዱንም ጨርቁንም ከላይ እስከ ታች በመቀስ ቆርጠው ያንሱት፣ ቆዳው እስኪታይ ድረስ። ክንዱን ለማቃናት አይሞክሩ፣ አጥብቀውም አያጥፉት። ክንዱን ለልጁ በተመቸው መልኩ፣ ትንሽ እጥፍ እንዳለ፣ ከስሩ ካርቶን ወይም ለስላሳ ትራስ ያድርጉለትና በነጠላ ከአንገቱ ያንጠልጥሉት። ለህመሙ ፓራሲታሞል በክብደቱ ልክ መስጠት ይችላሉ። አስፕሪን ግን ለልጅ አይሰጥም። ምግብ አይስጡት። ማደንዘዣ ለመስጠት ከመጨረሻው ምግብ በኋላ 6 ሰዓት መቆየት አለበት። መንገድ ላይ «እንዳይርበው» ተብሎ የተሰጠ አንድ ብስኩት ቀዶ ህክምናውን በብዙ ሰዓት ያዘገየዋል።

ከዚያ ዛሬውኑ ደሴ ይሂዱ። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አዲስ አበባ የቀን ሙሉ መንገድ ነው፣ ለዚህ ስብራት ደግሞ የሚያስፈልገው ሙያ ደሴ ላይ አለ። የተሰጠዎትን የሪፈር ወረቀትና የራጁን ፊልም ይዘው ይሂዱ፤ የጤና መድህን ካለዎት ደብተሩንም እንዳይረሱ። አባትዎንም ይዘዋቸው ይሂዱ። ሐኪሙ ራጁን መብራት ላይ ሰቅሎ ቢያሳያቸው እኔ እዚህ ከምጽፈው የበለጠ ያስረዳቸዋል።

አሁን ወደ ምክንያቱ ልምጣ። የላይኛው የክንድ አጥንት ክርን ጋ ሲደርስ ይሳሳል። ከፊትም ከኋላም ጎድጓዳ ቦታ አለው፤ በሁለቱ መካከል የሚቀረው አጥንት እንደ እንቁላል ቅርፊት ስስ ነው። ልጅ ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ መሬቱን ይደገፋል። ክርኑ ከልኩ በላይ ወደ ኋላ ይለጠጥና አጥንቱ በዚያ ስስ ቦታ ይሰበራል። ከ5 እስከ 7 ዓመት ባሉ ልጆች ዘንድ ከክርን ስብራቶች ሁሉ በብዛት የሚታየው ይሄ ነው። የታችኛው ስባሪ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የላይኛው ሹል ጫፍ ወደ ፊት ይወጣል። ልክ ከፊት ለፊቱ ደግሞ እጅን የሚመግበው ዋናው ደም ስርና ጣቶችን የሚያንቀሳቅሱ ነርቮች ያልፋሉ። ስለዚህ የዚህ ስብራት ጭንቀት አጥንቱ ይገጥማል አይገጥምም የሚለው አይደለም። አጥንቱ ይገጥማል። ጭንቀቱ ከታች ያለው እጅ በህይወት ይቆያል ወይ የሚለው ነው።

ሌሊቱን ሙሉ ማልቀሱ ያሳሰበኝ ለዚህ ነው። የተሰበረ ክርን በራሱ ያብጣል። እብጠቱ ወደ ውጭ መውጫ ሲያጣ ወደ ውስጥ ይጫናል። በክንዱ ጡንቻ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምርና ደም ወደ ጡንቻው መግባት ያቅተዋል። ደም ያላገኘ ጡንቻ ከ6 ሰዓት ገደማ በኋላ የማይመለስ ጉዳት ይጀምረዋል። የሞተው ጡንቻ ወደ ጠባሳ ይቀየርና ይኮማተራል፣ ጣቶቹም እንደተቆለመሙ ይቀራሉ። ይህን ሁኔታ ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ሪቻርድ ፎን ፎልክማን በ1881 እ.ኤ.አ. ገልጾታል። እሱም ያኔ ጣቱን የጠቆመው በጣም ወደ ጠበቀ እሽግ ነበር። ከዚህ የባሰው ደግሞ ጋንግሪን ነው፤ መጨረሻው እጅ መቆረጥ ነው። በሀገራችን በጠበቀ ቀርቀሃ ምክንያት እጃቸውን ያጡ ልጆች አሉ። ሰው ሰምቶ የሚያልፈው ወሬ አይደለም፣ የአጥንት ሐኪም ሁሉ የሚያውቀው ሐዘን ነው።

ቀርቀሃውን እንደፈቱ፣ መኪና እስኪመጣ ድረስ እጁን ይመልከቱ። ጥፍሩን ጫን አድርገው ይልቀቁት፤ የነጣው ቦታ በ2 ሰከንድ ውስጥ ወደ ቀይነቱ መመለስ አለበት። መዳፉን ከደህናው እጅ ጋር ያነጻጽሩ፣ ቀዝቅዟል ወይስ ሞቃት ነው? ከዚያ ጣቶቹን በጣም በዝግታ ቀና ያድርጉለት። ይህን ስታደርጉ ክንዱ ውስጥ ከባድ ህመም ተሰምቶት ከጮኸ፣ ወይም ማስታገሻ ወስዶም ህመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ወይም እጁ ከነጣና ከቀዘቀዘ፣ ሆስፒታል በር ላይ ሲደርሱ ተራ አይጠብቁ። «እጁ እየሞተ ነው» ብለው ይናገሩ። እጁን ከልቡ ትይዩ አድርገው ይያዙት። ወደ ላይ ከፍ አድርጎ መስቀል በዚህ ጊዜ ደሙን ይቀንስበታል። አንድ ነገር ልጨምር፦ የእጅ አንጓ ላይ የልብ ትርታ ስላለ ብቻ ሁሉም ደህና ነው ማለት አይቻልም። ትርታው እያለም ጡንቻው ሊታፈን ይችላል። ትንሽ ልጅ ደግሞ «አመመኝ» ብሎ በደንብ አያስረዳም። ይቁነጠነጣል፣ ይበሳጫል፣ መድኃኒት ቶሎ ቶሎ ይጠይቃል። እነዚህን እንደ ብልግና አትዩባቸው።

ነርቩን በተመለከተ፣ ልጅዎ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ክብ ቀለበት ሲሰራ ክብ መሆኑ ቀርቶ ጫፎቹ ዝርግ ሆነው ይገናኛሉ ማለት ነው። ይህ በዚህ ስብራት ላይ በብዛት የሚጎዳው የአንድ ቀጭን ነርቭ ምልክት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ነርቩ አልተቆረጠም። ተለጥጧል ወይም ተቀጥቅጧል። በአብዛኞቹ ልጆች ላይ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ በራሱ ይመለሳል፣ የተለየ ቀዶ ህክምናም አይፈልግም። ግን ይህን ምልክት ሽቦው ከመግባቱ በፊት ለሐኪሙ ይንገሩት፣ ካርዱም ላይ ይጻፍ። ካልተጻፈ በኋላ የወደቀ ጊዜ ነው ወይስ ቀዶ ህክምናው ላይ ነው የተጎዳው የሚለው አይታወቅም፣ ቀጣዩ ውሳኔም ይበላሻል።

አባትዎ «የልጅ አጥንት በራሱ ይቃናል» ሲሉ ከመሬት ተነስተው አይደለም። ስለ ብዙ አጥንቶች ልክ ናቸው። የትንሽ ልጅ የእጅ አንጓ አካባቢ ተሰብሮ ትንሽ ቢጣመም እድገቱ ያቃናዋል። የጭን አጥንትም እንዲሁ ብዙ ይምራል። ክርን ግን እንደዚያ አይደለም። የላይኛው ክንድ አጥንት በርዝመት የሚያድገው በዋናነት ከትከሻው በኩል ነው፣ 80 በመቶ ያህሉ። ከክርን በኩል የሚመጣው 20 በመቶ ብቻ ነው። የማቃናት ጉልበት የሚገኘው ደግሞ ከእድገት ነው። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያለ መጣመም በትናንሽ ልጆች ላይ በተወሰነ ደረጃ ሊስተካከል ይችላል። ወደ ጎን ያጋደለና የተጠማዘዘ ግን እንዳለ ይቀራል። ክንዱ ሲዘረጋ ወደ ሰውነት የተቆለመመ ትልልቅ ሰው አይታችሁ ይሆናል። ብዙዎቹ በልጅነታቸው ክርናቸው ተሰብሮ ሳይቃና የገጠመ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ስራ አይከለክልም፣ ግን ዕድሜ ልክ ይታያል።

«ብረት ከገባ አያድግም» የሚለውም ስህተት ነው። የሚገባው ወፍራም ብረት አይደለም። ልሙጥ ቀጭን ሽቦ ነው፣ ብዙውን ጊዜ 1.6 ሚሊ ሜትር ገደማ። የእድገት ቦታውን አቋርጦ ቢያልፍም ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ይወጣል፣ እድገትን አያቆምም። አሰራሩን ስነግራቸው ብዙ ወላጆች ይረጋጋሉ። ልጁ ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጠዋል። ሐኪሙ ክንዱን ጎትቶና አጥፎ አጥንቱን ቦታው ይመልሰዋል፣ እያንዳንዱን እርምጃ በኤክስሬይ ስክሪን እያየ። ከዚያ ሁለት ወይም ሶስት ሽቦ በቆዳው በኩል ያስገባል። በአብዛኛው ቆዳ አይከፈትም። የሽቦው ጫፍ ታጥፎ ውጭ ይቀራል፣ ከላዩ ጀሶ ይደረጋል። ከ3 እስከ 4 ሳምንት በኋላ ሽቦው በተመላላሽ ክፍል ይወጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ማደንዘዣ።

ሽቦ ለሁሉም አይደለም። እነዚህን ደረጃዎች ጋርትላንድ የተባለ ሐኪም በ1959 እ.ኤ.አ. አውጥቷቸዋል፣ እስከ ዛሬም እንሰራባቸዋለን። በደረጃ 1 አጥንቱ ተሰንጥቋል እንጂ ቦታውን አልለቀቀም። ለዚህ 3 ሳምንት ጀሶ ይበቃል። በደረጃ 2 አጥንቱ ከኋላ በኩል ተያይዞ ይጣመማል። አንዳንዱ በጀሶ ይያዛል፣ ብዙው ተመልሶ ሽቦ ቢገባለት ይሻላል። ደረጃ 3 ሙሉ በሙሉ ተለያይቷል። ይህን በጀሶ ብቻ ለመያዝ ክርኑ በኃይል መታጠፍ አለበት፣ ያበጠን ክርን በኃይል ማጠፍ ደግሞ ደም ስሩን ያፍነዋል። በቀርቀሃማ ጭራሽ አይያዝም። ስለዚህ ለልጅዎ መልሴ አዎ ነው፣ ሽቦው የግድ ነው።

ጉዳት የለውም አልልም። በሽቦው ቀዳዳ በኩል ኢንፌክሽን ሊገባ ይችላል፤ አብዛኛው ሽቦውን በማውጣትና በአንቲባዮቲክ ይድናል። አጥንቱ ሊንሸራተት ይችላል፣ ለዚህ ነው ከሳምንት በኋላ ራጅ የሚደገመው። ከውስጥ በኩል የሚገባ ሽቦ ወደ ትንሿ ጣት የሚሄደውን ነርቭ ሊነካ ይችላል፣ ሐኪሙ ይህን አውቆ ይጠነቀቃል። አጥንቱ አልመለስ ካለ ወይም እጁ ደም ካጣ ቆዳ ተከፍቶ ይሰራል። የኤክስሬይ ስክሪኑ በማይሰራበት ጊዜም እንዲሁ ተከፍቶ ሊሰራ ይችላል። ይህ ከተባሉ አይደንግጡ፣ ጠባሳ ይተዋል እንጂ ውጤቱ ጥሩ ሊሆን ይችላል።

ጊዜውስ? እጁ ቀይና ሞቃት ከሆነ፣ ህመሙም በማስታገሻ ከታገሰ፣ ሌሊት ደርሳችሁ ቀዶ ህክምናው ለጠዋት ቢቀጠር ችግር የለውም። እጁ ከነጣ ግን የሰዓታት ጉዳይ ነው። «ቀኑ ይለፍ፣ እብጠቱ ይጉደል» እየተባለ ሳምንት ሲያልፍ አጥንቱን ሳይከፍቱ መመለስ ይከብዳል። 2 ሳምንት ካለፈው የልጅ አጥንት መግጠም ጀምሯል። ያኔ ብዙ ጊዜ እንዳለ እንዲገጥም ትተን፣ ከተቆለመመ በኋላ አጥንቱን ቆርጠን ለማቃናት እንገደዳለን። ዛሬ በሽቦ የሚያልቀው ነገር ያኔ ትልቅ ቀዶ ህክምና ይሆናል።

ስለ ወጌሻው ክፉ መናገር አልፈልግም። በወሎ ገጠር ሐኪም በሌለበት ስንቱን ያቆዩ፣ ሌሊት በራቸው ተንኳኩቶ የሚከፍቱ፣ ገንዘብ የሌለውን የማይመልሱ ሰዎች ናቸው። ሰው የሚሄደውም ቅርብ ስለሆኑና ስለሚያምናቸው ነው። የልጅ ክርን ግን በእጅ ዳሰሳ አይታወቅም። ማሸቱም ይጎዳል፦ ውስጡን ደም ያፈሳል፣ ሹሉን አጥንት ወደ ደም ስሩ ይገፋል፣ አንዳንዴም ጡንቻው ውስጥ አጥንት እንዲበቅል ያደርጋል። ይህን የሚያነብ ወጌሻ ካለ አንድ ነገር እለምነዋለሁ። የልጅ ክርን ከመጣልህ አትሽ፣ አትሰር። በነጠላ አንጠልጥለህ ወደ ሆስፒታል ላክልን።

«ወልቆ ነው» የሚለውን ቃል ደግሞ ጎረቤቶችም ቢጠነቀቁበት ደስ ይለኛል። ከ8 ዓመት በታች ባለ ልጅ ላይ፣ ወድቆ ያበጠ ክርን ውልቃት መሆኑ ብዙም አይታይም። ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ ስብራት ነው። ከ5 ዓመት በታች ያለ ህፃን እጁን ሰው ጎትቶት ክርኑን ማንቀሳቀስ ሲያቆም፣ እብጠትም ውድቀትም ከሌለ፣ ያ ሌላ ነገር ነው። ሐኪም በአንድ እንቅስቃሴ ይመልሰዋል፣ ህፃኑም ወዲያው መጫወት ይጀምራል።

ሌሎች ወላጆችም ስለሚያነቡት ሁለት ስብራቶችን ልጨምር። አንደኛው በክርን የውጭ ጎን ያለው ነው። ይህም ከ6 ዓመት አካባቢ ባሉ ልጆች ላይ ይበዛል። አታላይ ነው። እጁ ብዙም አልተጣመመም፣ ራጁ ላይ የምትታየው ስባሪ ቁራጭ ስስ ናት። ቁራጩ ግን በአብዛኛው ገና ልስልስ አጥንት ስለሆነ ራጅ አያሳየውም፣ ትክክለኛ መጠኑ ከሚታየው ይበልጣል። መገጣጠሚያው ውስጥም ይገባል። ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ከተነቀለ ቀዶ ህክምና ይፈልጋል። ችላ ከተባለ ሳይገጥም ይቀራል። ክርኑ ወደ ውጭ እየተንጋደደ ይሄዳል፣ ከዓመታት በኋላ ልጁ ጎልማሳ ሲሆን ትንሿ ጣቱና ጎረቤቷ መደንዘዝ ይጀምራሉ። ለእኔ ከደረጃ 3 ይልቅ የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው፣ ምክንያቱም ማንም አይደነግጥበትም።

ሁለተኛው የታዳጊዎች ነው፣ ከ9 እስከ 14 ዓመት። ኳስ ሲጫወቱ ወይም ሲታገሉ ክርናቸው በእውነት ይወልቅና ከውስጥ ጎን ያለችው እብጥ አጥንት አብራ ትነቀላለች። ውልቃቱ ሲመለስ ይህች ቁራጭ መገጣጠሚያው ውስጥ ልትቀረቀር ትችላለች። ስለዚህ «ተመለሰ» ከተባለም በኋላ ራጅ መደገም አለበት። ክርኑ ከተመለሰ በኋላ እንደልብ ካልታጠፈና ካልተዘረጋ የተቀረቀረ ነገር አለ ብለው ይጠርጥሩ። 13 እና 14 ዓመት የሆናቸው ልጆች የቀራቸው እድገት ትንሽ ነው። አጥንታቸው ራሱን አያቃናም፣ ክርናቸውም ከትንሾቹ በላይ ይደርቃል። ስብራቱ መገጣጠሚያውን ከከፈለ እንደ ትልቅ ሰው በብሎንና በዝርግ ብረት ተጠብቆ ቶሎ መንቀሳቀስ ይኖርበታል።

«ራጅ ተነሳ፣ ምንም የለም ተባለ፣ ግን ያብጣል፣ አያንቀሳቅሰውም» ለምትሉ፦ የልጅ ክርን ውስጥ ልስልሱ ወደ ጠንካራ አጥንት መቀየር የሚጀምርባቸው ስድስት ቦታዎች አሉ። በግምት በ1፣ በ3፣ በ5፣ በ7፣ በ9 እና በ11 ዓመት ተራ በተራ ራጅ ላይ ይታያሉ። ይህን ቅደም ተከተል ያላስተዋለ ዓይን ስብራቱን መደበኛ አጥንት፣ መደበኛውን አጥንት ስብራት ሊለው ይችላል። ጥርጣሬ ካለ የደህናውን ክርን ራጅ አንስቶ ማወዳደር ይጠቅማል። ያም ካልለየው ለጥንቃቄ ጀሶ አድርጎ ከሳምንት እስከ 10 ቀን በኋላ ራጁን መድገም ነው።

ወደ ልጅዎ ልመለስ። ሽቦው ከገባ በኋላ ጀሶውን ውሃ አያስነኩት። ጣቶቹን ቀኑን ሙሉ ያንቀሳቅሳቸው። ጣቶቹ ከጠቆሩ ወይም ከነጡ፣ ህመሙ ከጨመረ፣ ጀሶው ከሸተተ ወይም ትኩሳት ከመጣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይመለሱ። ሽቦው ሲወጣ ክርኑ ይደርቃል። ይህ የሚጠበቅ ነው። አያሹት፣ በግድ አይጎትቱት፣ እንዲላላ ተብሎ ውሃ የሞላ ጀሪካን አያሸክሙት። ልጁ ሲጫወት፣ ሲለብስ፣ ሲበላ ራሱ ያላላዋል። አብዛኛው እንቅስቃሴ በጥቂት ወራት ይመለሳል፣ የቀረው ጥቂት እንቅስቃሴ እስከ አንድ ዓመት ሊወስድ ይችላል። ከዛፍና ከአጥር ላይ መውጣቱን ግን ሐኪሙ እስኪፈቅድለት ያቆዩት፣ አዲስ የገጠመ አጥንት በድጋሚ ይሰበራል።

የአውራ ጣቱን ጫፍ በየሁለት ሳምንቱ ያንኑ ቀለበት በጣቶቹ እንዲሰራ እያደረጉ ይከታተሉ። በ3 ወር ምንም ለውጥ ካላዩ ለሐኪሙ ያሳውቁት። 6 ወር አልፎም ካልተመለሰ የነርቭ ምርመራ እንዲደረግለት ይጠይቁ።